ጨዉ ከመንገድ እስኪታጠብ

ጃንዋሪ 8፣ 2011፣ ቅዳሜ

ዱዌት የሚባለው የአልጎት አሮጌ ስቴሽን መኪና ዛሬ ግቢዬ ገባ። ካይ በተጎታቹ ጭኖ አመጣው። ጋራዡ በር ላይ ስናወርደው ከግራው በር ስር ያለው ላሜራ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ካይ ሳቀ። "ሄልጌ፣ ይሄን በመበየጃ ሳይሆን በመጥረጊያ ነው የምትሠራው" አለኝ። ከአርባ ዓመት በፊት የማዘጋጃ ቤቱን በረዶ ጠራጊ መኪኖች አብረን መጠገን ስንጀምርም ልክ እንዲህ ነበር የሚያሾፈው።

ከዚህ ጋራዥ እስካሁን ስድስት አሮጌ ስቴሽን መኪኖች ድነው ወጥተዋል። ስድስቱንም ለራሴ ሠራኋቸው፣ ስድስቱንም እንዳለቁ ሸጥኳቸው። ያለቀ መኪና ምን ይደረግበታል? ሰባተኛው ግን የእኔ አይደለም። አልጎት ዳቦ ጋጋሪው በ1964 ከነማሸጊያው የገዛው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሐይቁን እየዞረ ዳቦ አድርሶበታል፣ ከዚያ በኋላ ጎተራ ውስጥ ዶሮ ሲያርፍበት ኖሯል። አልጎት አሁን አረጋውያን ቤት ነው። ማርች 12 ዘጠና ዓመት ይሞላዋል።

ልጁ ቪቬካ አብራ መጥታ ነበር። የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። በእጅ ባትሪዋ ከመኪናው ስር እያበራች "ይሄ ይነቀላል፣ ይሄ ይሞላል፣ ይሄማ ነርቩ ሞቷል" ስትል ሳልወድ ሳቅሁ።

"ለልደቱ ሐይቁን አንድ ዙር ላዞረው እፈልጋለሁ። ዳቦ ያደርስ በነበረው መንገድ። ይደርሳል?"

"ይደርሳል" አልኳት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያልኩ ባየውስ ይረብሽሃል?"

"አይረብሸኝም።"

እናቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ግቢ የገቡት ካይና ጭስ ማውጫ ጠራጊው ብቻ ናቸው። ጠራጊው ደግሞ የሚመጣው ሕግ ስለሚያስገድደው ነው።

ጃንዋሪ 12

የኋላውን ወለል አነሳሁ። ከስሩ አቧራ፣ የዶሮ ላባ፣ አንድ ጭብጥ የእንስላል ዘር። አጃ ዳቦው ላይ የሚነሰነሰው። ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ ሽታው አልጠፋም። ሻሲው ደህና ነው። ወገቤ ደህና አይደለም።

ጃንዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ቪቬካ ቡና በፔርሙስ ይዛ መጣች። ሁለት ሰዓት ቆየች። እኔ ዝገት ስፍቅ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች።

"ሰው ሳይኖር ከብረቱ ጋር ታወራለህ?" አለችኝ።

"አወራለሁ።"

"ይመልስልሃል?"

"አይመልስም። የምወደውም ለዚያ ነው።"

ከት ብላ ሳቀች። ስትሄድ "ሐሙስ የአተር ሾርባ እሠራለሁ፣ ና" አለችኝ። ብየዳ አለብኝ አልኳት።

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ብየዳውን ረቡዕም ዓርብም መበየድ እችል ነበር። እናቴ ግን ያለ ጉዳይ የሰው በር አይንኳኳም ትል ነበር። መሰላል ልትዋስ፣ ደብዳቤ ልታደርስ፣ የጠፋ ድመት ልትጠይቅ ትሄዳለህ። ጉዳይህን ትናገራለህ፣ ቆመህ ትሰናበታለህ። ሾርባ መብላት ጉዳይ ነው ወይ? እኛ ቤት አልነበረም።

ጃንዋሪ 20፣ ሐሙስ

የቀኙ በር ስር ተበየደ። የብየዳ ሽቦ አለቀብኝና ወደ ሱቅ ስሄድ በቤቷ በኩል አለፍኩ። ወጥ ቤቷ መብራት ነበረው። ፍጥነት ቀንሼ አለፍኩ። ሽቦ ለመግዛት በዚያ በኩል መዞር አያስፈልግም ነበር።

ጃንዋሪ 30

አልጎት ራሱ ደወለ። ድምፁ ገና ወፍራም ነው፣ ሊጥ የሚያቦካ ሰው ድምፅ።

"ሄልጌ ነህ? ስማኝማ። ሦስተኛው ማርሽ ዳገት ላይ ይዘላል። ሰው ሁሉ ይቀየር ይልሃል፣ እንዳትሰማቸው። በጉልበትህ ደገፍ ታደርገዋለህ፣ ያልቃል።"

"እሺ፣ አልነካውም።"

"የኋላ በሮቹን ደግሞ ግራውን ነው ቀድመህ የምትከፍተው። ቀኙን ቀድመህ ከከፈትክ ንፋስ ይነጥቅሃል። የቤንግትፎርስ ሱቅ ፊት ለፊት አርባ ዳቦ አፈር በልቶብኛል።"

አንዲት ነገር አልረሳም። እንዲህ ያለ አእምሮ በስድሳ ሦስት ዓመቴ እኔም የለኝ።

ፌብሯሪ 12፣ ቅዳሜ

ሞተሩ ተነሳ!

ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው፣ ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጥቤዋለሁ። ቪቬካ መሪው ጋ ተቀምጣ ነበር። ቁልፉን ስታዞር አስነጠሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያዘ። እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ማልቀስ ጀመረች። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ኮፈኑን ከፍቼ ጭንቅላቴን ከተትኩ። የማስተካክለው ነገር አልነበረም። ዝም ብዬ ደህናውን ቡሎን ፈትቼ መልሼ አሰርኩት።

በኋላ ተረጋግታ ስለ ልጅነቷ አጫወተችኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በፒጃማ ከኋላ ከዳቦው ጋር ትተኛ ነበር። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው አለች። ባል ነበራት፣ ጎተንበርግ ቀርቷል። ስለ እሱ ብዙ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ስትወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ይሄን የምጽፈው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው፣ እንቅልፍ የለም። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እንደምደብቅ አላውቅም።

ፌብሯሪ 17፣ ሐሙስ

ምርመራ። መንገዱ በረዶ ለማቅለጥ በተበተነው፣ ብረት በሚበላው ጨው ነጭ ስለሆነ በካይ ተጎታች ላይ ጭነን ወሰድነው። ፍሬን ደህና፣ መሪ ደህና፣ መብራት ደህና። አንድም እንከን አልተጻፈበትም። መርማሪው ከጉድጓዱ ወጥቶ "እጅህ ይባረክ፣ አዲስ እንኳ እንዲህ ሆኖ አይመጣልኝም" አለ።

ስንመለስ ካይ "አለቀ ማለት ነው። ደውልላት" አለኝ።

"እደውላለሁ።"

አልደወልኩም። ቅዳሜ ትመጣ የለ? በአካል መንገር ይሻላል።

ፌብሯሪ 19፣ ቅዳሜ

ጠዋት የፊት ጎማዎቹን አወለቅኩ። የግራውን ፍሬን ሲሊንደር ፈትቼ ጋዜጣ ላይ ዘረጋሁት። መርማሪ ሁሉን ነገር አያይም። ጥንቃቄ ነው።

ቪቬካ ጋዜጣውን አይታ "ውይ፣ ገና ነው?" አለች።

"ገና ነው" አልኩ።

"ለማርች 12 ግን…"

"ቢያልቅም እንኳ ጨው አለ። እንዲህ ያለ መኪና በጨው ላይ አይነዳም። የበልግ ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ሲታጠብ ነው የሚወጣው። ማንንም ጠይቂ።"

"ለአንድ ቀን ብቻ? ከዚያ እናጥበዋለን።"

"በአንድ ቀን ነው የሚጀምረው። አንቺ ጥርስ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ስታዪ ትተዪዋለሽ?"

በራሷ ሙያ ስመጣባት ፔርሙሱን ከፍታ ቡና ቀዳችልኝ። ደግሞም ያልኩት እውነት ነው። ማንም አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው በጨው አይነዳም። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ቡናው ዛሬ ለምን እንደመረረኝ ግን አላውቅም።

ፌብሯሪ 24

ብረታ ብረት ሱቅ። ከመደርደሪያው ጀርባ ሁለት ሰዎች፣ ፊታቸውን አላየሁም።

"የሄልጌ ዱዌት ምርመራ አለፈ አሉ።"

"ታዲያ ለምን አይሰጣትም?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናውን ማን ሊያመጣለት?"

ሳቁ። ልገዛው የመጣሁትን ዳዶ ሳልገዛ ወጣሁ።

ሥራ ፈቶች ናቸው።

ማርች 5፣ ቅዳሜ

ሲሊንደሩን ገጥሜዋለሁ። ዛሬ የቀኙ ተራ ነው። እሱንም ጋዜጣ ላይ።

ቪቬካ ከጾም መያዣ በፊት የሚበላውን ክሬም የተሞላ ዳቦ በአባቷ አሠራር ጋግራ ሁለት አመጣች። አፍንጫዬ ላይ ክሬም ቀርቶ ኖሮ ሳትነግረኝ ግማሽ ሰዓት አወራችኝ። "ለልደቱ አረጋውያን ቤቱ ውስጥ ኬክ አለ፣ ና እንጂ። ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ያ መኪናዬን የያዘው ልጅ ይላል" አለችኝ።

"አያለሁ" አልኳት።

ማየት ማለት አለመሄድ ነው። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ማርች 12

አልሄድኩም። ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ?

ማታ ካይ ነገረኝ። ሚስቱ እዚያ ነርስ ናት። ቪቬካ በራሷ ትንሽ መኪና ሐይቁን ልታዞረው ይዛው ወጥታ ነበር። መኪናዋ ጠባብ ስለሆነች ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ፣ አንገቱ ጎብጦ፣ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ አመመኝ ብሎ ተመለሱ። ኬኩን ሳይቀምስ ተኛ።

ጨው ነበረ። መንገዱ ነጭ ነበር። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም።

ማርች 24

አልጎት ደወለ።

"አለቀ?"

"ገና ነው" አልኩት።

"አትቸኩል ልጄ። ሊጥ ሳይነሳ ምድጃ አይገባም። እኔ ነኝ እንጂ ቸኳዩ። ሰሞኑን ቃላት እየጠፉኝ ነው። ትላንት ማንኪያን ምን እንደምለው ጠፋኝ፣ አስበው! ቶሎ ባየው ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምንም የለኝም።"

ዝም አልኩ። እሱ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት "ሃሎ? ሃሎ?" እያለ ዘጋው።

አሁን ልጻፈው፣ ማንም አያነበውም። መኪናው ካለቀ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ምንም የሚጎድለው ነገር የለም። ጎማውን የማወልቀው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ የምመልሰው ሰኞ። ሲያልቅ ቁልፉን እሰጣታለሁ፣ ታመሰግነኛለች፣ በዚያው ትሄዳለች። እንደ ስድስቱ። ስድስቱ ግን ፔርሙስ ይዘው አልመጡም። አንድ ሽማግሌ ለአንዲት ቀን ሲለምነኝ እኔ ለራሴ ቅዳሜ አጠራቅማለሁ። ሌባ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ማርች 31

ዝናብ። ሌሊቱን ሙሉ።

ኤፕሪል 1

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ወደ መንገዱ ወርጄ ጣቴን አስፋልቱ ላይ አሽቼ ቀመስኩት። ጨው የለም።

ጎማዎቹን ገጠምኩ፣ መስተዋቱን ወለወልኩ። ነገ እነግራታለሁ። ሁሉንም። ደግሞ ነገ ቅዳሜ ነው፣ አልጎትን ይዘን እንዞራለን።

ኤፕሪል 2፣ ቅዳሜ

ስምንት ሰዓት። አልመጣችም።

ዘጠኝ ሰዓት። አልመጣችም።

አሥር ሰዓት ላይ ደወለች። ሆስፒታል ናት። ጎህ ሲቀድ አባቷ አልጋው አጠገብ ወድቆ ተገኘ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል። በሕይወት አለ አለች። መኪናው ተዘጋጅቶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል። ስለ እሱ ምን እላታለሁ? አይዞሽ አልኳት፣ እሱንም አሳጥሬ።

ኤፕሪል 5

ምንም አልሠራሁም።

ኤፕሪል 9፣ ቅዳሜ

ስምንት ሰዓት ላይ ጋራዥ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኤፕሪል 16

ካይ፦ አልጎት ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ያወራል። ግን ነርሷን የካይን ሚስት እናቱ አድርጎ ያያታል። ወደ አረጋውያን ቤት መልሰውታል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ ግን የጣልኩት በራሴ ብብት የነበረውን አይደለም፣ የሰው ነው።

ኤፕሪል 23፣ የፋሲካ ዋዜማ

በረጅሙ መጻፍ አለብኝ፣ አለዚያ አልተኛም።

ቪቬካ ተሽከርካሪ ወንበር በሚጭን ታክሲ ይዛው መጣች። አልጎት በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ኮፍያውን አድርጎ፣ ክራባት አስረውለት። ዱዌቱን ወደ ፀሐይ አውጥቼዋለሁ፣ አረንጓዴው ቀለም ያበራል። ወንበሩን ፊት ለፊቱ አቆመችው። ረጅም ጊዜ ተመለከተ። እንግዳ ሰው የሰው ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው በጨዋ ደንብ።

"ጥሩ መኪና ነው። የማን ነው?"

"ያንተ ነው አባዬ" አለችው።

"የለም፣ የለም። እኔ መኪና የለኝም። ገና ረዳት ጋጋሪ ነኝ፣ ጌታዬ በሳይክል ነው የሚልከኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ባለቤቱ ሲመጣ ውብ ነው ብሎሃል በለው" አለኝ።

ቢሆንም ወሰድነው። እኔ ነዳሁ፣ እሱ አጠገቤ፣ ቪቬካ ከኋላ። ዳቦ ያወርድባቸው የነበሩ በሮች ጋ ስንደርስ እየቀነስኩ "ይሄ የሱቁ ነው፣ ይሄ የወፍጮ ቤቱ ነው" እላለሁ። እሱ በትሕትና ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው። በመስታወቱ ቪቬካን አየኋት፣ ወደ ውጭ ዞራ ነበር።

ታክሲው አባቷን ይዞ ሲሄድ እሷ ቀረች። መጥታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች።

"በጣም ለፋህበት። ውለታህን እግዜር ይክፈልህ ሄልጌ። አልደረስንም እንጂ ያንተ ጥፋት አይደለም።"

ብትሰድበኝ ኖሮ ዝም እል ነበር። ምስጋናውን ግን መሸከም አልቻልኩም።

"በፌብሯሪ 17 አልቆ ነበር" አልኳት።

"ምኑ?"

"መኪናው። ምርመራ አልፎ ነበር። ፍሬኑን እያወለቅሁ የማሳይሽ… ሁሉም ደህና ነበር።"

እጆቼን ለቀቀች። "ሁለት ወር?"

"ሁለት ወር ከስድስት ቀን።"

"ለምን?"

"ካለቀ አትመጪም ብዬ።"

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ አላለቀሰችም። ፊቷ እንደ ነጭ ወረቀት ሆነ።

"እኔ ለካርቡራተር ብዬ የምመጣ መስሎህ ነው? ስለ ካርቡራተር ምን አገባኝ! ሐሙስ ና አልኩህ። ልደቱ ላይ ና አልኩህ። አንድ ቀን እንኳ ብትመጣ እኮ… መኪናው ጃንዋሪ ላይ ቢያልቅም፣ ጭራሽ ባይኖርም እመጣ ነበር፣ አንተ ደደብ!"

ቁልፉን ዘርግቼ ያዝኩላት። ወሰደችው። ገብታ አስነሳችው፣ ወጣች። ዳገቱ ላይ ማርሹ ሲዘልባት ሰማሁ። ጉልበትሽን ደግፊው ብዬ ልጮህ ነበር፣ ሩቅ ነበረች።

ኤፕሪል 30

ዛሬ ክረምት ተሸኝቶ ደመራ የሚቃጠልበት ማታ ነው። ከሐይቁ ማዶ እሳቱ ይታየኛል፣ መዝሙሩ ይሰማኛል። አልወረድኩም።

ካይ በሳይክል መጣ። ሁሉንም ሰምቷል፣ ይህ መንደር ጆሮ ብቻ ነው። ቪቬካ ይቅርታዬን እንድትቀበል ምን ብዬ ልጻፍላት ብዬ ጠየቅሁት።

"ለእሷማ ነግረሃታል። ለሽማግሌውስ? የዋሸኸው እኮ እሱንም ነው፣ በራስህ አፍ።"

"አይገባውም።"

"ታዲያ ሊገባው ብለህ ነው ወይስ ልትነግረው?"

ካይ ሲያሾፍ ብቻ ነው የምችለው። እንዲህ ሲናገር የምሸሸግበት አጣለሁ።

ሜይ 2፣ ሰኞ

ሄድኩ።

አልጎት መስኮቱ አጠገብ ነበር። ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ። "ጉዳይህ ምንድን ነው?" ብሎ ቢጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር፣ አልጠየቀም። ወንበር አሳየኝ። ተቀመጥኩ።

"ሄልጌ ነኝ። መኪናዎን የያዝኩት። በማርች ደውለው አለቀ ወይ ሲሉኝ ገና ነው አልኩዎት። አልቆ ነበር። ዋሽቻለሁ። ሐይቁን በደህና አእምሮዎ ያላዩት በእኔ ነው።"

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ፣ ከባድ፣ ሙቅ እጅ።

"ችግር የለም" አለኝ። "ጌታዬ አይቆጣም። ዳቦ ሁልጊዜ ያራል፣ ነገ ሌላ እንጋግራለን።"

ይቅር አለኝ። ማንን ይቅር እንዳለ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀም። እንዲህ ያለ ይቅርታ ኪስ ውስጥ ቢከቱት አይከብድም። ቢሆንም አልተነሳሁም። ስለ እርሾ ያወራል፣ እኔ አዎ አዎ እላለሁ። ሰው ቤት ያለ ጉዳይ ይህን ያህል ተቀምጬ አላውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቪቬካ ከሥራ መጣች። በሩ ላይ አየችኝ፣ ቆመች። ካፖርቷን ሰቀለች። አልጋውን ዞራ በዚያኛው በኩል ተቀመጠች፣ የአባቷን ጥፍር መቁረጥ ጀመረች። አሥሩንም ጥፍር እስክትጨርስ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ኮፍያዬን ይዤ ተነሳሁ።

በሩን ልከፍት ስል ቀና ሳትል "ነገ ምሳ ዓሣ ነው የሚሰጡት" አለች። "አጥንቱን የሚለቅምለት ሰው ይፈልጋል። እኔ እስከ አሥር ሰዓት ሥራ ነኝ።"

"ስንት ሰዓት ነው ምሳ?" አልኳት።

"አምስት ተኩል።"